ለአምባዛ የተገዛች መዘውር

ዕድሜዬን በመርፌና በክር የፈጀሁ ሰው ነኝ። ዓሣ አጥማጅ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ወንዝ ዳር የሚቀመጥ ሰው አጥማጅ አይባልም። ሆኖም እንደ እኔ ላለው የአንድ ቀን አጥማጅ ምን ዓይነት ዘንግ፣ ምን ዓይነት የክር መጠቅለያ መዘውር እንደሚበጅ የጠየቀኝ ሁሉ ያለ ምክር አልተመለሰም። ያልጠየቀኝም አልተመለሰም። ወሬውን ስጀምር ባለቤቴ «ደግሞ ያቺን መዘውር ሊያመጣት ነው» ትልና ከአጠገቤ ትነሣለች። የምትሄደው ግን እስከ ጓዳው በር ድረስ ነው። መዘውሯን ባነሣሁ ቁጥር የማነሣው አባቷን እንደሆነ ስለምታውቅ፣ እዚያው ቆማ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለች።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። እኔ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ ቤት የስፌት መኪናዬን ተክዬ እሠራለሁ፤ ከጀርባው ባለው ክፍል ደግሞ ከባለቤቴ ጋር እንኖራለን። ገና አዲስ ተጋቢዎች ነን። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ አማቴ ከይጁቤ በኩል መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ።

አማቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው ዳዊት ሲጽፉ ነው ጠጉራቸው የሸበተው። በአገራቸው የእጃቸው ጽሑፍ ያልገባበት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የለም ይባል ነበር። ያን ዓመት ግን ታመው ተነሡና ቀኝ እጃቸውን መንቀጥቀጥ ያዘው። ዝም ብለው ሲቀመጡ ጭናቸው ላይ ያረፈው እጅ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፤ መቃ ሲይዙ ደግሞ ፊደሉ እየጠበበ፣ እየተጣመመ ይሄዳል። አንድ ቀን ያበላሹትን ብራና አጥፈው ማኅደራቸው ውስጥ ከተቱት፤ መቃቸውን በሙሉ ለተማሪ አከፋፈሉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ነው በበቅሎ ሄዳ ያመጣቻቸው።

እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ መደብ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። አይቆጡም፣ አያማርሩም። የማይቆጣ ሽማግሌ እንዴት እንደሚያስፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጊዜ ይቆርሱና «ተመስገን» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። በየማዕዱ ባለቤቴ የእሳቸውን ፊት ታያለች፣ እኔ የእሷን ፊት አያለሁ፤ እንዲህ እያልን ክረምቱ ወጣ። ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ማለዳ ወደ መሥሪያዬ ገባችና መቀሱን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«የነቢያት ጾም ሊገባ ነው» አለችኝ። «አባቴን ታውቃቸው የለ? አርባውን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። በዚህ ሰውነታቸው ከገቡበት ገናን አያዩም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በግድ አላጎርሳቸው።»

«የሚወዱትን ነገር ፈልግ። ጾሙ ሳይገባ አንድ ነገር ከሆዳቸው ይግባ።»

አማቴ የሚወዱት ምግብ ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ያን ሰሞን አፋቸውን የሚያስከፍታቸው አንድ ወሬ ብቻ ነበር፤ እሱም አምባዛ ነው። በተማሪነታቸው ዘመን ከጉባኤ ሹልክ ብለው፣ ከአገራቸው በታች ባለው ወንዝ ያለ ዘንግ፣ ገመዱን በእጃቸው ይዘው አምባዛ ያጠምዱ ነበር። ግራ መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ጠባሳ አለ። «ይችን የምታያት» ይሉኛል መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «አንድ አምባዛ ገመዱን ይዞ ሲሄድ የጻፋት ናት። የእኔ ጽሑፍ ሲደበዝዝ የእሱ ጽሑፍ ይኸው አለ።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ይፈካል። ወዲያው ደግሞ ተመልሰው ግድግዳውን ያያሉ።

እኔም ነገሩ ገባኝ አልኩ። «አባትሽ ዓሣ አምሯቸዋል» አልኳት ለባለቤቴ፤ እሷም አመነችኝ። ዓሣ ለስላሳ ነው፣ ለጥርስ አያስቸግርም፣ ያረጀ ሆድ አይከብድም እያልን ተማከርን። ሁለታችንም ግን በሕይወታችን ዓሣ ቀምሰን አናውቅም። እኔ ያደግሁት ከደጋ ደጋ ነው፤ የማውቀው ዓሣ ዮናስን የዋጠውን ብቻ ነው፤ እሱንም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሎ። ሠዓሊው ቅርፊቱን እንደ ቆርቆሮ ጣራ ደራርቦ ነው የሣለው። ዓሣ ማለት ለእኔ እሱ ነበር።

በማግሥቱ አማቴን «የኔታ፣ አምባዛ የሚይዝ መሣሪያ ልንገዛ ነውና እርስዎ ይምረጡልኝ» አልኳቸው። ለብዙ ጊዜ አዩኝ። ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ተነሥተው ኩታቸውን ደረቡ። ከሐምሌ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ወደ ማንም ደጅ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ባለቤቴ ከደጅ ቆማ በመንገዱ መታጠፊያ እስክንሰወር ድረስ ታየን ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው መስተዋት በር ወዳለው ወደ ጣሊያኑ ሱቅ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የማጥመጃ ዘንግ ተሰቅሏል፤ ቁመቱ ከመቋሚያ ሁለት እጥፍ፣ ውፍረቱ ከጫፉ የገብስ አገዳ የሚያህል፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ መዘውር ያለው። ባለሱቁ አውርዶ ለአማቴ ሰጣቸው። በቀኝ እጃቸው ያዙት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያ ቀጭን ጫፍ ደግሞ ያንን መንቀጥቀጥ አሥር እጥፍ አድርጎ ጣራው ሥር ይወናጨፋል። ባለሱቁ የሚሰብሩበት መስሎት ከእጃቸው መንጭቆ ወሰደውና መልሶ ሰቀለው። አማቴ እጃቸውን ኩታቸው ውስጥ ከተው ወጡ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ የዚያን ሰው ሱሪ ሰፍቼለት ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እመነጭቀው ነበር።

ወደ ቤት የሚመለሱ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ደጅ ስንወጣ ግን «ሸንበቆ ነው» አሉ በንቀት። «አምባዛ ሲጎትተው እንደ ጅራፍ ይጠመዘዛል። ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ለሚወጣ ሰው ያን ያህል ብር አፍስሶ እንጨት መግዛት ምን የሚሉት ሞኝነት ነው? እንጨት ከአገራችን ጠፋ? ዘንጉን እኛው እናበጀዋለን፤ የሚገዛው መዘውሩ ነው።» ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያላወጡትን ቃል በአንድ ትንፋሽ አወጡት።

ከዚያ ወደ ዐረቡ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ነጭ ሪዙን ዘወትር የሚያበጥር ሽማግሌ ነው፤ ልብሱን እኔ ነበርኩ የምሰፋለት። አገራቸው የሚመለሱ ወታደሮች የሚጥሉትን ኮተት ሁሉ ይገዛል። ምን እንደምንፈልግ ስነግረው ከመደርደሪያው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣና ሦስት አሮጌ መዘውሮች ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። ዓይን አዋጅ ሆነብን።

እኔ ወዲያው ያነሣሁት ነጯን ነው። ጠባብ፣ ቀላል፣ ስታዞራት ድምፅ የማታሰማ። አማቴ ግን እጀታዋን ሲይዙ ከጣታቸው አመለጠቻቸው፤ የሽንብራ ፍሬ የምታህል እጀታ ናት። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ አማቴ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዞሩትና «ጥርሱ አልቋል፤ በየሦስት ዙሩ ይዘላል» ብለው አስቀመጡት። ሦስተኛዋ መልከ ጥፉ ናት። ክሩ የሚጠቀለልበት አካሏ የእንጨት፣ ወገቧ ናስ፣ ላይዋ በአሮጌ ቅባት የጠቆረ። እጀታዋ ግን እንደ ዶሮ እንቁላል የሞላ እንጨት ነው። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧት። ማዞር ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ትላለች።

ያን ጊዜ ያየሁትን ለባለቤቴ ስንት ጊዜ እንደነገርኳት አላውቅም። ሲያዞሯት እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲያቆሙ ይጀምራል፤ ሲያዞሩ ይተዋል። አማቴም አዩት። አቆሙና ጣታቸውን ተመለከቱ፣ እንደገና አዞሩ፣ እንደገና አቆሙ። ባለሱቁም አየ፤ ሪዙን ማበጠሩን ተወ። 

በዚያው እንገዛት ብል እሺ አላሉኝም። ብራና ሲመርጡ አንዱን ቁርበት ሦስት ቀን እየተመላለሱ በተለያየ ብርሃን ያዩት እንደነበር ነገሩኝ። መዘውሯንም እንደዚያው አደረጓት። በማግሥቱ ሄድን፣ በሠለስቱም ሄድን። እሳቸው መዘውሯን እያገላበጡ ብሎኗን፣ ጥርሷን፣ ወገቧን ሲመረምሩ እኔ ዋጋ እከራከራለሁ። ባለሱቁ አራት ጠገራ ብር ሲለኝ «ሞኝህን ፈልግ!» ብዬው ነበር፤ በመጨረሻ በሁለት ጠገራና ኮቱን ገልብጬ ልሰፋለት ተስማማን። ክርክሩ ሲያልቅ አማቴን «የያዙ እንደሆነ አይርሱኝ» አላቸው። «እኔ የባሕር ጠረፍ ልጅ ነኝ። ከመርከብ ከወረድኩ ጀምሮ ዓሣ አፌ ገብቶ አያውቅም።» አማቴ ሣቁ። የአማቴን ሣቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥርሳቸው ያን ያህል ነጭ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ዘንጉን ከቀርቀሃ አበጀነው። አጭርና ወፍራም፣ ቋጠሮው የተቀራረበውን መረጡ፤ እኔ በመዳብ ሽቦ ቀለበት አበጅቼ የክሩን መተላለፊያ በሰም በታሸ ክር አሰርኩለት። ይህ የእኔ ሙያ ነው፣ በዚህ ማንም አይመጣብኝም። ለመዘውሯ የሚሆነውንም ክር እኔ መረጥኩ። ባለሱቁ የሐር ሰጥቶኝ ነበር። የክር ሰው በደረቁ አይፈትንም፤ ውኃ ውስጥ ነከርኩና ሳብኩት፣ ተበጠሰ። ከራሴ ሳጥን ያወጣሁትን የተልባ እግር ፈትል ነክሬ ስስበው ጭራሽ ጠነከረ። አማቴ «ለካ አንተም ትምህርት አለህ» አሉኝ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ያሉኝ ትልቁ ምስጋና እሱ ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

ያን ሁሉ ሰሞን ግን የሚበሉት ሁለት ጉርሻቸውን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ተስፋዋን ሁሉ በዓሣው ላይ ጥላለች። ከጎረቤት ጠይቃ እንዴት እንደሚሠራ ተማረች፤ ቀይ ሽንኩርት ገዛች፣ የተነጠረ ቅቤ አስቀመጠች። ኅዳር ገባ። ጾሙ ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ አማቴ በኪራይ በቅሎ እኔ በእግሬ ሆነን ወጣን። ወንዙ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ዘንጉን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን፣ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ፣ ረጅም ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ በትከሻ መሸከም። ጠመንጃ የደበቀ ሰው ልክ እንደዚያ ነው የሚይዘው። እኔ ልብስ ሰፊው ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ብቻ ነበር የተጨነቅሁት። ዘበኛው ጮኸ፣ ሌሎቹም መሣሪያቸውን አቀባበሉ፤ እኔም እጄን ሰቅዬ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጥሁ። አማቴ ከበቅሎው ላይ ሆነው «አሁን ከሁለታችን የሚንቀጠቀጠው ማን ነው?» አሉኝ።

ጋቢው ሲፈታ የጣሊያኑ ሹም መጣ። መዘውሯን ሲያይ ፊቱ በራ። ከእጄ ወስዶ አዞራት፣ በምልክት ብሎኗን አሳየንና በጥፍሩ አጠበቃት፤ አምባዛው ክሩን ይዞ ሲሮጥ እንዳይለቀቅ ነው ለማለት በክንዱ የዓሣ ሩጫ እየሠራ አሳየን። የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ አሳለፈን። አማቴ እሱ ሲያሳየን ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነበር። ኬላው ከዓይናችን እንደተሰወረ በቅሎውን አስቆሙና መዘውሯን ጠየቁኝ። ብሎኗን መልሰው አላሏት።

«የኔታ፣ ሰውየው እኮ ያወቀ ይመስላል።»

«አገሬን የወሰደ ሰው አምባዛ መያዝ አያስተምረኝም» አሉ፤ መንገዳችንንም ቀጠልን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ውኃው ከክረምቱ ጭቃ ጠርቶ ነበር፤ አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ግን ጠቆር ያለ ጥልቅ ቦታ አለ። አማቴ «እዚያ ነው ያለው» አሉ፣ ጎረቤታቸውን እንደሚያሳይ ሰው። መንጠቆው ላይ ጉበት ሰክተን፣ ለማጥለቂያ የተበሳች ጠጠር አስረን ጣልን። ዘንጉን መጀመሪያ እኔ ያዝኩት። የእኔ እጅ የረጋ ነው፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር በአንዴ የሚያስገባ እጅ። ከመሸ የማያደርስ መንገድ እንዳለብን እያሰብኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ያዝኩት። ምንም የለም።

«አምጣው» አሉኝ።

«እጅዎ ይደክማል።»

«ደክሞት ነው የከረመው። አምጣው።»

ቀኝ እጃቸው ዘንጉን እንደያዘ መንቀጥቀጡን ጀመረ። ከዘንጉ ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ውኃው ወረደ፤ ትንንሽ ክብ ሞገድ ሲሠራ ይታየኛል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ጉበቱ ውኃው ሥር በሕይወት ያለ ነገር መስሎ ይሆን ወይስ የአማቴ ዕድል ሆኖ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ብዙ ሳይቆይ ዘንጉ ጎበጠ።

አምባዛው ክሩን ይዞ ሄደ። መዘውሯ ተለቀቀች፤ እጀታዋ እንደ ጎማ እየተሽከረከረች የአማቴን ጣት ትመታለች፤ የተልባ እግሩ ፈትል እያለቀ ነው። እኔ በአውራ ጣቴ ላቆማት ብል አቃጠለችኝ። ያቺ የላላች ብሎን! አማቴ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሡ «አጥብቃት!» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ብሎኗን ነዋ! ያ ሰውዬ እንዳደረጋት አጥብቃት!»

አጠበቅኋት። ክሩ ቆመ። አማቴ ዘንጉን ወደ ግራ እጃቸው፣ ወደዚያ ጠባሳ አዛወሩና በቀኛቸው እጀታዋን ጨበጡ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሲጎትት ይተዉታል፣ ሲያርፍ ይጠቀልላሉ። «ና ወዲህ፣ ና የእኔ ጌታ፣ የዚያን ጊዜው ልጅ ነህ መሰለኝ» ይሉታል። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ በነጠላዬ አቅፌ ሳወጣው ክንዴን ከነትከሻዬ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ድመት መሳይ ሪዛም አምባዛ ነው። ሁለታችንም ሣሩ ላይ ተዘረርን። አማቴ ሰማዩን እያዩ ብዙ ጊዜ ሣቁ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በበቅሎው ላይ ሆነው ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር። እኔ ዓሣውን በቅጠል ጠቅልዬ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። ልቤ ሞልቷል። ያ ሁሉ ልፋት ዛሬ ማታ መሶብ ላይ ሊቀርብ ነው፤ ባለቤቴ ዛሬ የአባቷን ፊት እያየች አትጨነቅም እላለሁ። ኬላው ላይ ያ ሹም ዓሣውን ሲያይ አጨበጨበ። አማቴ ፊታቸውን አላዞሩም፤ በጭንቅላታቸው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ እጅ ነሡት። ብሎኗን አመስግነው ይሆናል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስን። ባለቤቴ ቁሌቱን ሠርታ ጨርሳለች፤ ሽንኩርቱ በበርበሬና በቅቤ ተቁላልቶ የሚቀረው ዓሣው ብቻ ነው። ቅጠሉን ፈታች፣ ቢላዋ አነሣች፣ ዓሣውን አገላበጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቅርፊቱ የታል?»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆዳው እንደ እርጥብ ድንጋይ ልሙጥ ነው። መንገዱን ሙሉ ተሸክሜው አንዴም ልብ አላልኩም። የዮናስ ዓሣ ትዝ አለኝ፣ ያ ጣራ የመሰለ ቅርፊቱ።

«አምባዛ ቅርፊት የለውም» አሉ አማቴ ከመደቡ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ቅርፊት የሌለው ደግሞ አይበላም። ኦሪት ከልክላለች። እኔው በዚህ እጄ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እንዴት ይጠፋኛል?»

ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።  ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ መዘውር፣ ያ ኬላ፣ ያ ቁሌት፣ ሁሉንም ውኃ በላው አልኩ። ጾሙ ሊገባ ዐሥር ቀን ነው የቀረው። እኔ ዳዊት የደገምኩ ሰው፣ ኦሪት ሲነበብ ስንት ጊዜ የሰማሁ ሰው፣ ለማይበላ ዓሣ መሣሪያ ስመርጥ ከረምኩ።

«ታዲያ የኔታ» አልኳቸው፣ «አምባዛ፣ አምባዛ ሲሉ የከረሙት ለምንድን ነው?»

«መያዙን ነዋ! ይጎትታል። ሌላው ዓሣ ምን ጉልበት አለው?» ካሉ በኋላ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። «ልበላው ነው ያልኩት መቼ ነው?»

እውነታቸውን ነው። አንድም ቀን አላሉም። ያልነው እኛ ነን።

«ይልቅ» አሉ፣ «ሳይበላሽ ለዚያ ባለሱቅ ውሰድለት። የባሕር ልጅ ነው፣ በእነሱ ዘንድ ይበላል። ከእኔ የተላከ ነው በለው።»

ዓሣውን እንደገና ጠቅልዬ ወጣሁ። ባለሱቁ ዓሣውን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ኮቱንም እንደዚያ ተደስቶ አልተቀበለኝም። ስለ ባሕር እያወራ ሊያስቀምጠኝ ቢሞክርም አልቀመጥ አልኩት። ወደ ቤት ስመለስ ግን እግሬ አልፈጠነም። የባለቤቴን ፊት ማየት ፈርቼ ነበር።

በሩን ስከፍት ባለቤቴ ጭልፋ እንደያዘች መሶቡ አጠገብ ቆማለች። ጣቷን አፏ ላይ አደረገችልኝ። አማቴ መሶቡን ቀርበው ያንን ቁሌት፣ ዓሣ የሌለውን የዓሣ ወጥ፣ በእንጀራ እየጠቀለሉ ይበላሉ። ጉርሻውን በቀኝ እጃቸው ነው የሚያነሡት፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ወጡም ጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቸው ግን ልብም አላሉት። ስንት ጊዜ እንደቆረሱ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። የወንዝ አየርና የድካም ነገር የሚያመጣውን ረሃብ እኔ አውቀዋለሁ፤ የእሳቸው ግን የብዙ ወራት ነበር።

«ጨምሪልኝ» አሏት።

ጨመረችላቸው። ያንንም ጠረጉት። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ መዘውሯን የት እንዳስቀመጥኳት ጠየቁኝ። ከስፌት መኪናው አጠገብ ናት አልኳቸው።

«ውኃ ነክቷታል፣ ቅባት ቀባት፤ ብሎኗ እንዳትዝግ» አሉኝ። «ክሩንም ፀሐይ አስመታው። ገና በዋለ በማግሥቱ እንሄዳለን፤ ያን ጊዜ ውኃው የበለጠ ይጠራል፤ አሁን የያዝነው ትንሹ ነው፣ አባቱ እዚያው አለ።»

ከገና በኋላ ስለሚመጣ ቀን ሲናገሩ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። እኔና ባለቤቴ ተያየን።

«እንጀራ ላምጣ» አለችና ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። እንጀራው መሶቡ ውስጥ ነበር።